እምነት ማጉደል

ወንድሜ የታሰረበት ወንጀል «እምነት ማጉደል» ይባላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 ላይ ያለው ነው። ችሎት ውስጥ ክሱ ሲነበብ እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምንድነው የሚሉት? ሃይማኖቱን ካደ ነው?» አለችኝ። «አይደለም እማዬ፤ የእቁቡን ጉዳይ ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ለእሷ ሁለቱ ያን ያህል የሚራራቁ አልነበሩም።

ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እምነት ስንል ፈጣሪን የምናምንበትንም ነው፣ ጎረቤት ብሩን ሳይቆጥር እጃችን ላይ የሚያስቀምጥበትንም ነው። ወንድሜ ሁለተኛውን አጉድሎ ገባ፣ የመጀመሪያውን ይዞ ወጣ። ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚያወራው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አንዱ ሌላውን ይመልሳል ወይ የሚለው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ ያየሁትም ይህንኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው በኳስ ነው። ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የነጋዴ እቁብ ነበረን። 46 አባል፣ በሳምንት አንድ ሺህ ብር። ጎሚስታው አለ፣ ባለ ሱቁ አለ፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ አለች። ወንድሜ ጽሕፈቱ ቆንጆ ስለሆነ ጸሐፊ አደረጉት። ትንሽ ቆይቶ ገንዘብ ያዡ አገር ቤት ሲሄድ ብሩንም ደርበው ሰጡት። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አንድ ሰው የሆነበት እቁብ ካያችሁ ውጡ።

ቤቲንግ ቤቱ ከእኛ ሱቅ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ነበር። መጀመሪያ በ50 ብር ትኬት ይቆርጥ ነበር። ከዚያ በ500። ሲበላ ለማስመለስ፣ ሲያስመልስ ለመድገም። አንድ ሳምንት የእቁቡን ብር «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ ነካው። ዕጣ የወጣለትን ሰው «በሚቀጥለው ሳምንት» አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ነበረ። ሲገለጥ አምስት ዕጣ ተበልቷል። አንዱን ዕጣ ሁለት ሴቶች በግማሽ ግማሽ ስለያዙት የተጎዳው ስድስት ሰው ነው። 230 ሺህ ብር።

የታሰረው ታኅሣሥ 2012 ላይ ነው። ዋስትና ተፈቅዶለት ነበር። ግን የእቁብ ብር የበላን ሰው ማን ዋስ ይሆነዋል? ቂሊንጦ ወረደ። እማዬ የቦታውን ስም ስትሰማ ነው የጮኸችው። ነሐሴ 2008 ቂሊንጦ ሲቃጠል ጭሱን ከሩቅ ካዩት አንዷ ናት። ያን ጊዜ 23 እስረኞች ሞቱ መባሉን እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ጠያቂ ሆናችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ፌስታል ይዞ መሰለፍ። ምሳቃው ይከፈታል። «ቅመሺ» ትባያለሽ። እናቴ የራሷን ሽሮ በራሷ ልጅ ፊት መቅመስ መጀመሪያ ላይ እንደ ስድብ ነበር የቆጠረችው። በኋላ ለመደችው። እንዲያውም «ጨው አንሶታል» እያለች ከፍተሻዋ ፖሊስ ጋር ትሳሳቅ ነበር።

ሦስት ወር እንደተመላለስን ኮሮና ገባ። መጋቢት 2012። መጠየቅ ቀረ። በዚያው ወር ከ4 ሺህ በላይ ታራሚዎች በይቅርታ ሲለቀቁ በቴሌቪዥን አየን። እማዬ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ትፈልግ ነበር። ይቅርታ ግን ለተፈረደበት ነው። የእሱ ቀጠሮ ገና እየተገፋ ነበር።

ያን ጊዜ ወንድሜ ምን ላይ እንደነበረ ያወቅነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ጠያቂ ሲቀር ስንቅም ደብዳቤም ቀረ። ቀን ከሌሊት ያስብ ነበር። ስለ ብሩ ሳይሆን በመጨረሻ ስለቆረጠው ትኬት። በአንድ ጎል የተበላውን። «እስር ቤት ሆኜም ያቺን ጎል ነበር የማስበው» አለኝ። ሱስ ማለት ይህ ነው ለካ።

አጠገቡ የሚተኛ ልጅ በየማታው የሆነ ጥግ ይሄዳል። የወንጌል አማኞች ኅብረት ነው። የሚሰብክ ፓስተር የለም። ከውጭ የሚመጡት አገልጋዮችም ቀርተዋል። እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያብራራል፣ አንዱ ደግሞ ሳሙና የሌለውን ይመዘግባል። ወንድሜ የሄደው ለሳሙናው ነው። ይህን ራሱ ነው የሚናገረው፣ እኔ አይደለሁም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እስር ቤት ውስጥ ሃይማኖት መያዝን የምንጠራጠር ሰዎች አለን። እኔም አንዷ ነበርኩ። «ጭንቅ ሲመጣ ያልጸለየ ማን አለ» እንላለን። ነገሩ ግን እኛ አገር አዲስ አይደለም። የድሮውን ከርቸሌ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ዓለም በቃኝ የባሕታዊ ቃል ነው። ሰው ወዶ ገዳም ሲገባ የሚለውን፣ ሳይወድ ለሚገባበት ቤት ስም አደረጉት። ያ ቤት ፈርሶ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል። እዚያው ከተማ ደግሞ አማኞች ራሳቸው እስረኛ የነበሩበት ዘመን ነበር። በ1971 ክረምት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሳምንታት ልዩነት ተገድለዋል። ስለዚህ በዚህ አገር ጸሎት ወደ እስር ቤት ከውጭ ብቻ አልገባም። ውስጥም ነበረ።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 21 ላይ የታሰረ ሰው በሃይማኖት አማካሪው የመጎብኘት መብት አለው ይላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሥራ ላይ ነው፤ የሰው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሳደርግ ማንበብ መጥፎ አመሌ ነው።

ወንድሜ ተፈርዶበት ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሲዛወር አራት ዓመት ነበር የተቆረጠበት። መጠየቅ ሲፈቀድ ያየሁት ሰው ከስቷል፣ ግን ዓይኑ አንድ ቦታ ያርፋል። ድሮ ሲያወራን ስልኩን እያየ ነበር። «ጌታን አገኘሁ» አለ። እማዬ ምሳቃውን መሬት አስቀመጠች። «ብሩም ሄደ፣ ሃይማኖቱም ሄደ» አለች። የገብርኤል ልጅ፣ በ40 ቀኑ ተጠምቆ፣ ሸቤ ገብቶ ጴንጤ ሆኖ ይውጣ? ለሁለት ወር አላናገረችውም። ስንቁን ግን አላቋረጠችም። ያውም በእልህ ረቡዕና ዓርብ የጾም እየለየች፣ በዐቢይ ጾም ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ብቻ ትልክ ነበር። እሱም አንድ ቀን እንኳን «አልጾምም» አላላትም። ጾም የሚይዝ የኦርቶዶክስ ጓደኛ ነበረው። የእማዬን የጾም ምግብ ያ ልጅ ይበላል፣ የልጁን እሱ ይበላል። እማዬ ይህን የሰማችው በቅርቡ ነው። «ታዲያ የሰው ልጅ ሲጾም የኔ ሽሮ ነበር ያበረታው» ብላ ኮራች።

የለወጠው ምን እንደሆነ ስጠይቀው ስብከቱን አይጠራም። መዝሙሩንም አይጠራም። የሚያወራው ስለ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው።

ኅብረቱ ጠያቂ ለሌላቸው ሰዎች ገንዘብ ያዋጣል። አምስት ብርም፣ አሥር ብርም። ብሩ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይቀመጣል። ያዡ ልጅ በአመክሮ ሲወጣ ሽማግሌው ወንድሜን አስጠሩት። እኒህ ሰው የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ናቸው። በድንበር ጠብ ጎረቤታቸውን ገድለው ነው የገቡት። ያን ጊዜ 16 ዓመት ሆኗቸዋል። ኅብረቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል።

«ቆርቆሮዋን አንተ ያዝ» አሉት።

«ጋሼ፣ እኔ ምን በልቼ እንደገባሁ ያውቃሉ።»

«ስለማውቅ ነው።»

«አልችልም። ሌላ ሥራ ይስጡኝ። ልጥረግ።»

«አንተ ልጅ፣ ገንዘብ አትንካ ብለን እዚህ ብናኖርህ፣ ስትወጣ ገንዘብ የሌለበት አገር ልትሄድ ነው?»

የመጀመሪያው ሌሊት ውስጡ 340 ብር ነበር። አልተኛም። ራስጌው አድርጎ ደጋግሞ ቆጠረው። እኔ ሳስበው፣ ያ ሰው ከዚያ በፊት 230 ሺህ ብር ሳይሰቀጥጠው አባክኗል። ለ340 ብር ግን ላብ አጠመቀው። ጋሼ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። በየሳምንቱ ከጸሎት በፊት ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ይህን ያህል ገባ፣ ለእከሌ ሳሙና ወጣ፣ ለእከሌ ጫማ። ከዚያ ሌላ ሰው ይቆጥራል። ማንም ቢሆን። እዚያው የገባ አዲስ ሰው ቢሆንም። «ጌታ ያያል አይበቃም፤ ሰውም ይይ» ይሉ ነበር ጋሼ።

አንድ ጊዜ 10 ብር ጎደለ። ወንድሜ ሊሞት ደረሰ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። በኋላ የቆርቆሮዋ ክዳን ሥር ተጣብቃ ተገኘች። ጋሼ ሳቁ። «እንኳን ጎደለች። አሁን ብር ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚሰማው አወቅህ» አሉት። ይህን ሲነግረኝ በአጥሩ ማዶ ሆኖ ነው። ግራ ቀኙ ሰው ይጮሃል፣ አንዷ ሴት ሕፃን ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ወንድሜ ስለ 10 ብር ሲያወራ አለቀሰ። ስለ 230 ሺው ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።

ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ካቶሊክ በጎ ፈቃደኞች የጀመሩት አሠራር አለ። በዚያ ዓይነት እስር ቤቶች የታጠቀ ዘበኛ የለም፤ የበሩን ቁልፍ የሚይዙት እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን ሳነብ ቆርቆሮዋ ትዝ አለችኝ። አምልኮውን ማንም ያመልካል። ቁልፍ ሲሰጥህ ግን ሌላ ነው።

ያነበብኩት ከየት መሰላችሁ? ከሥነ መለኮት ተማሪ ወረቀት ላይ። ልጁ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያባዛ መጣ፣ እኔም እንደ አመሌ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። እዚያ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያዘኝ። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የክርስቲያን ፕሮግራም የሚሰጥበት እስር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ከጨረሱት ውስጥ በሁለት ዓመት ተመልሰው የታሰሩት 8 በመቶ ብቻ ናቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ ካልነበሩት ተመሳሳይ እስረኞች ግን 20 በመቶ። እሰይ ያሰኛል። ግን ገጹን ስትገልጡት፣ ከገቡት 177 ሰዎች የጨረሱት 75 ብቻ ናቸው። ያቋረጡትም አብረው ሲቆጠሩ የተመለሱት 24 በመቶ ይሆናሉ። ካልገቡት በለጠ!

ተማሪው ትንሽ ደንግጦ «እሱን ገጽ ባያነቡት ይሻል ነበር» አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን ያቺ ገጽ ናት የበለጠ የምታሳምነኝ። ምክንያቱም «ጨረሰ» ለመባል ውስጥ መማር ብቻ አይበቃም ነበር። ከወጣ በኋላ ሥራ ይዞ፣ ቤተ ክርስቲያን እየተመላለሰ መቆየት ነበረበት። ጨራሽ የተባለው እንግዲህ ውጭ የሚይዘው ያገኘ ሰው ነው። እርግጥ ሌላ ሰው «ጎበዞቹን መርጠው ቆጠሩ» ሊል ይችላል። ብለዋልም። ያም እውነት ነው። እኔ ግን ከበሩ ውጭ ያለውን ስላየሁ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ።

አመክሮ የሚገኘው ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛው ሲያልቅ ነው። ለአራት ዓመት ፍርደኛ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር። ጠባይ ይታያል። ያደረሰውን ጉዳት እንደ አቅሙ መካሱም ይታያል። እማዬ ወርቋን ሸጠች። እኔ ከሁለቱ ፎቶ ኮፒ ማሽኖቼ አንዱን ሸጥኩ። ሁለት ዕጣ፣ 92 ሺህ ብር ከፈልን። ነሐሴ 2014 ወጣ።

በዚያው ቀን አብሮት የወጣ ልጅ ነበር። በኅብረቱ ውስጥ የመዘምራን መሪ የነበረ፣ ድምፁ የሚያስለቅስ። እኛ ለወንድማችን ላዳ ይዘን በር ላይ ቆመናል። እሱን የሚጠብቅ አልነበረም። «ወዴት ነህ?» ስንለው «አለኝ ቦታ» አለ። ቦታው መናኸሪያው ነበር። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ፈልጎ አገኘው፣ ሦስተኛው ላይ አጣው። በሰባተኛው ወር ልጁ በስልክ ስርቆት ተመለሰ። እምነቱ የውሸት ነበር? አይመስለኝም። እኔ እንኳ ያን መዝሙር ሰምቼ ደንግጬ አውቃለሁ። ግን ሌሊት ብርድ ላይ፣ ጠያቂ ለሌለው ሰው ሳሙና የሚመዘግብ የለም።

የወንድሜ ፈተና በሌላ በኩል መጣ። በወጣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንዲሰጥ ጠራው። እኔ ተው ብዬዋለሁ። ገና ጫማው ያልለመደ ሰው መድረክ ላይ ምን ይሠራል? እሱ ግን ደስ ብሎታል። ሱፍ ተውሶ ሄደ። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ኋላ ተቀመጥኩ። ጥሩ ተናገረ። ስለ ቤቲንጉ፣ ስለ ቂሊንጦ፣ ስለ ሌሊቱ። ሰው አጨበጨበ፣ እልል አለ። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጌታ ዕዳዬን ሁሉ ከፈለልኝ!» አለ። አዳራሹ ተናወጠ። እኔ ወንበሬ ላይ ሟሸሽኩ።

ሰኞ ጠዋት ወሬው ጉሊት ደርሷል። ዕጣውን በግማሽ ከያዙት ሁለት ሴቶች አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ናት። ሙስሊም ናት፣ ሰባት ልጅ አሳድጋለች፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ ነው። ወንድሜ ሰላም ሊላት ጠጋ ሲል ሽንኩርቷን መደርደር ሳታቆም፣

«ጌታ ከፈለልህ አሉ?» አለችው።

ዝም አለ።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው የኔን 23 ሺህ ለሱ ነው የሰጠኸው? ቁጥሩን ስጠኝና ልደውልለት።»

ጉሊቱ በሳቅ ፈነዳ። ወንድሜ አመድ መስሎ ወደ ቤት ገባ። ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደም። እውነት ለመናገር ወደ ቤቲንግ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ፈርቻለሁ። ሦስት በር ነው እኮ። ለምሳ ስወጣ እንኳ ሱቁን ለማንም አልተውኩም።

እሑድ ተነሥቶ ቃሊቲ ሄደ። በዚህ ጊዜ ጠያቂ ሆኖ። ፌስታል ይዞ ተሰለፈ፣ ሙዝና ዳቦ ለጋሼ። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ጋሼ አልተቆጡም። «ዘኬዎስን ታውቀዋለህ» አሉት። የቀራጮች አለቃውን፣ አጭሩን ሰውዬ፣ ዛፍ ላይ የወጣውን። «ዛፉ ላይ ሆኖ ምን ተናገረ?»

«ምንም።»

«ምንም! ጌታ መጀመሪያ ያለው ውረድ ነው። ወርዶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ከዚያ ነው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው። አንተ ዛፍ ላይ ሆነህ ነው የመሰከርከው። ውረድ።»

ወንድሜ ሲመለስ ሽማግሌ ላከ። የእቁቡን ዳኛ፣ የሰፈሩን አንድ ሐጂና የእማዬን ነፍስ አባት። እነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ቡና የጠጡት ለእሱ ዕዳ ነው። ቀሪው 138 ሺህ ነበር፣ አራት ሰው። አራት እጥፍ አይቻልም፤ አንድ እጥፉም ጉድ ነው። ገላን ብሎኬት ማምረቻ ሥራ አገኘ። በወር አራት ሺህ ብር ሊከፍል ተስማማ። የሚያድረው እማዬ ቤት ስለሆነ እንደምንም ይወጣል። ከሲሚንቶው ብዛት እጁ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ እማዬ ማታ ማታ ቅባት ትቀባው ነበር፣ «ጴንጤው» እያለች።

በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ደብተር ይዞ ይወጣል። ተከፋዩ ይፈርማል፣ ጣት የሚያትምም አለ። ጎሚስታው መጀመሪያ ላይ ብሩን ተቀብሎ ፊቱን ያዞርበት ነበር። ዓመት ሲሞላ «ሻይ ጠጣ» አለው። ሽንኩርት ሻጯ ግን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ትቆጥራለች። ከዚያ «በል ጌታህን ሰላም በልልኝ» ትለዋለች። ሦስተኛው ወር ላይ እሱም ሳቀ።

ወንድሜ ተለውጧል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አዎ እላለሁ። ግን አሁንም ኳስ አያይም። የዓለም ዋንጫ ሲሆን እንኳ ከቤት ይወጣል። ሱሱ ሞቷል አይልም፤ «ታስሯል» ነው የሚለው። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጊዜ ምስክርነት ጠርቶት እምቢ ብሏል። በምትኩ ወር በገባ ቁጥር የሚሄደው እስር ቤት ነው፣ ከኅብረቱ ጠያቂ የሌላቸውን ለመጠየቅ። ከሚወጡት ጋር ደግሞ በር ላይ ይገናኛል። እስካሁን አምስት ሰው ቤታችን አድሯል። አንዱ የእማዬን ጫማ ይዞ ጠፍቷል። እማዬ ያን ቀን ከዕለታዊ ጸሎቷ ላይ አንድ ስም ቀነሰች፤ በሳምንቱ መልሳ አስገባችው።

ሳይከፈላት የቀረችው የመጨረሻዋ ሰው ሌላዋ የግማሽ ዕጣ ባለቤት ናት። እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ነበር። ወንድሜ እስር ቤት ሳለ ሰፈር ቀይራለች፣ ስልኳም አይሠራም። ዕጣ ደርሷት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባች የሚል ወሬ ብቻ ነው ያለን። 23 ሺህ ብሯ ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ ሞልቶ ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል። እማዬ «ለድሃ ስጠውና ይለቅልህ» አለችው። «የሷ ነው፤ የኔ አይደለም ልሰጠው» አላት።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን ሄድን። ከቃሊቲ በታክሲ። ዝናብ ነበር። አንድ ባለ ሱቅ «እንጀራ የምትጋግረው? ያኛው ብሎክ» አለን። ያኛው ብሎክ ስንደርስ ሌላ ሴት ሆነች። እሷ ደግሞ ወደ ሌላ ብሎክ መራችን። አራተኛው ብሎክ ላይ ጥበቃው ስሟን ሲሰማ ወዲያው አወቃት።

«አለች፣ ሦስተኛ ፎቅ። ግን ማታ ነው የምትገባው። ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ወንድሜ «ዕዳ አለብኝ» አለ።

ጥበቃው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አለባት ነው ወይስ አለብህ?»

«አለብኝ።»

ጥበቃው ከጎጆው ፕላስቲክ ወንበር አወጣልኝ። ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አሥር ሰዓት ነበር። ፖስታውን ከጃኬቱ ውስጥ አወጣ፣ ጀርባውን ለዝናቡ ሰጠ፣ መቁጠር ጀመረ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺም ቁጠሪው» አለኝ።